በአንድ ሜትር እንጨት የተጀመረ ፎቶግራፍ፦ የትምህርት ቤት ክበብ የሥራ ማስታወሻ

ኅዳር፣ የመጀመሪያው ሳምንት

የሥነ ጥበብ ክበባችን ዘንድሮ ፎቶግራፍ ይዟል። ቦታው ባሕር ዳር ነው፤ ተማሪዎቹ ከዘጠነኛ እስከ ዐሥራ አንደኛ ክፍል ያሉ ናቸው። እጃችን ላይ ያለው አንድ ያገለገለ ካኖን 600ዲ ካሜራ፣ አብሮት የመጣው 18-55 ሌንስ፣ አንድ ተጨማሪ የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስና የተማሪዎቹ ስልኮች ናቸው። ርእሰ መምህሩ ስልክ ወደ ግቢ የሚገባው ቅዳሜ ጠዋት ብቻ እንዲሆን ፈቅደዋል። ለመጀመር ይበቃል።

ከተማሪዎቹ ጋር አንድ ነገር ተስማምተናል። በዓመቱ መጨረሻ እያንዳንዳቸው የሚያውቁትን አንድ ሰው ያነሡትን ፎቶ በወረቀት አሳትመው ግድግዳ ላይ ይሰቅላሉ። ከፎቶው አጠገብ ቆመውም ያንን ብርሃን ለምን እንደመረጡ በቃላቸው ያስረዳሉ። ሥዕል ሲማሩ "ይህን ቀለም እዚህ ለምን አደረግሽው?" ተብለው ይጠየቃሉ። ፎቶግራፍን እንደ ጥበብ የምናስተምር ከሆነ ተመሳሳይ ጥያቄ ሊነሣበት ይገባል። ብዙ ጊዜ ግን ተማሪው የሚማረው የካሜራውን አዝራሮች ስም ነው፤ አዝራሮቹን ካወቀ በኋላ ምን እንደሚያደርግባቸው የሚነግረው የለም።

ኅዳር፣ ሦስተኛው ሳምንት

ካሜራው ገና ከቦርሳው አልወጣም። ዛሬ አንድ የመማሪያ ክፍል አጨለምን። መስኮቶቹን በጥቁር ላስቲክና በካርቶን ሸፈንን፤ ቀጭን ብርሃን የሚያስገባውን ክፍተት ሁሉ በፕላስተር ደፈንን። ወደ ሜዳው በሚያየው መስኮት ላይ ብቻ የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ቀዳዳ ተውን።

በሩ ሲዘጋ ሳቅና ጫጫታ ነበር። ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ጥቂት ደቂቃ ያስፈልጋል። ከዚያ በወዲያኛው ግድግዳ ላይ ሜዳው ተገልብጦ ብቅ አለ። ሰማዩ ከታች፣ ሣሩ ከላይ፣ የባንዲራው ምሰሶ ደግሞ ከጣሪያው እንደተንጠለጠለ ሆነ። በሜዳው የሚያልፍ አንድ ልጅ ከነደብተሩ ተዘቅዝቆ ከግድግዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ሲራመድ ክፍሉ በሙሉ ዝም ብሎ ተከተለው። የዐረቡ ሳይንቲስት ኢብን አል-ሃይሰም ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ የሚሆነውን በጨለማ ክፍል መርምሮ ከጻፈ 1000 ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ ልጆቹ ያዩት ያንኑ ነው።

አንዲት የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ነጭ ብሪስቶል ወረቀት ይዛ ከግድግዳው ወደ ቀዳዳው ተጠጋች። በወረቀቱ ላይ ያለው ምስል እያነሰ፣ ግን እየደመቀ መጣ። ወደ ኋላ ስትመለስ ተለቀ፤ ደበዘዘም። ማንም እንዲህ አድርጊ አላላትም። የ18 ሚሊ ሜትር ሌንስ ለምን ብዙ ነገር አሳንሶ እንደሚያሳይ፣ 50ው ደግሞ ለምን ጥቂቱን አቅርቦ እንደሚያሳይ በኋላ ሳስረዳ ወረቀቱን ማስታወስ ብቻ በቂ ሆነ። የፊዚክስ መምህሩም መጥተው ነበር፤ ብርሃን ቀጥ ብሎ ስለሚጓዝ ምስሉ እንደሚገለበጥ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ያስተማሩትን ልጆቹ አሁን በግድግዳ ላይ አገኙት።

ታኅሣሥ፣ ሁለተኛው ሳምንት

ተማሪዎቹ ከኢንተርኔት ብዙ ትምህርት አይተው ይመጣሉ። ሁሉም ስለ "ወርቃማው ሰዓት" ያውቃሉ፦ ፀሐይ ስትወጣና ስትጠልቅ ያለውን ለስላሳ ብርሃን። ምክሩ ልክ ነው፤ የተሰጠው ግን ብዙውን ጊዜ ከሌላ ሰማይ ሥር ነው። በዚህ ወር በሰሜን አውሮፓ፣ ስዊድን ውስጥ ስቶክሆልም ላይ ፀሐይ እኩለ ቀን እንኳ ከአድማስ በላይ ከፍ የምትለው 7 ዲግሪ ገደማ ነው። እዚያ ቀኑን ሙሉ ዝቅ ያለ ብርሃን አለ። ባሕር ዳር ግን ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ከ12 ዲግሪ ባነሰ ርቀት ላይ ያለች ከተማ ናት። ፀሐይ እዚህ ከአድማስ ተነሥታ ሽቅብ ትወጣለች፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ 13 ዲግሪ ገደማ ከፍ ትላለች። ለስላሳው ብርሃን ቶሎ ያልቃል፤ ቅዳሜ ተማሪዎቹ ግቢ በሚደርሱበት ሰዓት አልፎ ያገኙታል።

ስለዚህ የራሳችንን ሰንጠረዥ ለመሥራት ወሰንን። አንድ ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ እንጨት ሜዳው መካከል ተከልን። በየግማሽ ሰዓቱ የጥላውን ጫፍ በኖራ ምልክት እያደረግን ርዝመቱን መዘገብን። በዚያው ሰዓት አንድ ተማሪ ከእንጨቱ አጠገብ ቆሞ፣ ፊቱን ወደ አንድ አቅጣጫ እንዳዞረ ፎቶ ይነሣል። በሰንጠረዡ አንድ ወገን የጥላው ርዝመት፣ በሌላው ወገን ፊቱ አለ።

አጭሩ ጥላ የታየው እኩለ ቀን በምንለው ስድስት ሰዓት ላይ አልነበረም፤ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ርዝመቱ 70 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ሰዓታችን የሚቆጠረው ከእኛ በስተ ምሥራቅ ባለ መስመር ስለሆነ ፀሐይ ወደ እኛ ትንሽ ዘግይታ ትደርሳለች። ከጂኦግራፊ ክፍል የሚያውቁትን ኬንትሮስ ለፎቶ ሲጠቀሙበት ማየት ደስ ይላል።

ፎቶዎቹን በኮምፒውተር ላይ በተራ ስንደረድር አንድ ልጅ መስመሩን አገኘው። ጥላው ከእንጨቱ እስከረዘመ ድረስ የተነሺው ዓይን ይታያል፤ ጥላው ከእንጨቱ ሲያጥር ቅንድብ በዓይን ላይ ማጥላት ይጀምራል፣ ከአፍንጫ ሥርም ጥቁር ነጠብጣብ ይወጣል። በታኅሣሥ ይህ ከረፋዱ አራት ተኩል አካባቢ እስከ ስምንት ተኩል ድረስ ነው። ልጆቹ ደንቡን በሰሌዳ ላይ በትልቁ ጻፉት፦ "ጥላህ ካንተ ካጠረ፣ ሰውየውን ወደ ጥላ አስገባ።"

አንድ ነገር ደግሞ ከጣና ዳር የመጣ ነው። ሐይቁ ከከተማው በስተ ሰሜን ነው። በዚህ ወር ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ሐይቁን ከጀርባው አድርጎ የቆመ ሰው ብርሃኑ ከፊት ለፊት ያገኘዋል፤ ከተማውን ከጀርባው ካደረገ ግን ፊቱ ይጨልማል። በሰኔ ይገለበጣል። ይህን የሚነግር የኢንተርኔት ትምህርት የለም፤ የዚህ ከተማ ልጅ ራሱ ጽፎ ሊያስቀምጠው ይገባል።

ጥር፣ ከጥምቀት በኋላ

ለጥምቀት የቤት ሥራ ሰጥቼ ነበር፦ ነጠላ የለበሰ አንድ ሰው። ብዙዎቹ ያመጡት ተመሳሳይ ነገር ነው። ነጠላው ያልታጠበ ይመስል ግራጫ ሆኗል፤ ፊቱም በጣም ጠቁሮ የዓይኑ ነጭ ብቻ ይታያል። አንዲት ተማሪ አያቷን አንሥታ ፎቶውን ስታሳየኝ "አያቴ እንዲህ አይደሉም" አለች። ቅሬታዋ ትክክል ነው፤ የዚህን ዓመት ከባዱን ትምህርት ያመጣውም እሱ ነው።

ካሜራ ፊት ለፊቱ ያለውን አያውቅም። የብርሃን መለኪያው የሚያየውን ሁሉ በአማካይ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ይቆጥራል፤ የሚያርፍበትን ብርሃን 18 በመቶ ገደማ የሚመልስ ግራጫ። ፎቶውን የሞላው ነጭ ነጠላ ከሆነ "ብርሃኑ በዛ" ብሎ ይቀንሳል። ነጠላው ወደ ግራጫ ሲወርድ ከእሱ ብዙ እጥፍ ያነሰ ብርሃን የሚመልሰው ጠይም ፊት አብሮ ይወርዳል።

መፍትሔውን በአንድ ወንበርና በአንድ ነጠላ ሠራነው። አንዲት ልጅ ነጠላ ተከናንባ በረንዳው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አፐርቸሩን (ብርሃን የሚገባበትን የሌንስ ቀዳዳ) ኤፍ 5.6፣ አይ.ኤስ.ኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 100 አድርገን መጀመሪያ ካሜራው እንደፈለገ አነሣ። ከዚያ የኤክስፖዠር (የሚገባው ብርሃን መጠን) ማስተካከያውን ወደ +1 ገፋነው፤ ሻተሩ (ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ) እጥፍ ጊዜ ተከፈተ ማለት ነው። ነጠላው ነጣ፤ ፊቷም ተገለጠ፤ ጉንጯ ላይ ያለው ቀይ ዳማ ታየ። ወደ +2 ስንሄድ ፊቷ ይበልጥ ፈካ፤ ነጠላው ግን ድርና ማጉ ጠፍቶ ባዶ ነጭ ሆነ፤ ከጥለቱ አጠገብ ያለው የሽመና መስመርም አልተረፈም። የብርሃኑን ሥርጭት ከጨለማ እስከ ነጭ በሚያሳየው ግራፍ፣ በሂስቶግራሙ ላይ፣ ተራራው ወደ ቀኝ ተገፍቶ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። እናም ልጆቹ ተከራከሩ፦ ፊት ይቅደም ወይስ ነጠላ? አንዱ "ፊቱን ብቻ ለክተን ነጠላውን እንተወው" አለ። ሌላዋ ደግሞ የሸማኔው ድካም ሊጠፋ አይገባም አለች። ሁለቱም የጥበብ መልስ ናቸው። የተስማሙት በረንዳ ጥላ ውስጥ፣ +1 ትንሽ አለፍ አድርጎ፣ በሮው ፋይል (ካሜራው ሳያቀናብር በሚያስቀምጠው ጥሬ ምስል) ማንሣት ላይ ነው። ጥላ ውስጥ ነጠላውና ፊቱ አንድ ዓይነት ለስላሳ ብርሃን ያገኛሉ፤ ልዩነታቸው ካሜራው የሚችለው ይሆናል።

ችግሩ የተማሪ ብቻ እንዳልሆነ እንዲያውቁ ታሪኩን ነገርኳቸው። የፊልም አምራቹ ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች የቀለም መለኪያ አድርጎ ለዐሥርት ዓመታት የላከው ካርድ ላይ የነበረችው ነጭ ሴት ናት፤ ካርዱም "ሸርሊ" ተብሎ ይጠራ ነበር። የፊልሙ ቀለም ልክ ነው የሚባለው የእሷ ፊት ልክ ሲሆን ነበር። ቡናማ ቀለም በፊልሙ ላይ በደንብ አይወጣም ብለው ቅሬታ ካሰሙት መካከል የቸኮላትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ይገኙበታል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2021 ስልኩ ላይ ጠይምና ጥቁር ፊትን በትክክል ለማንሣት የተለየ ሥራ መሥራቱን ያወጀው ያ ቅሪት ገና ስላላለቀ ነው። ተማሪዎቹ ይህን ሲሰሙ ዝም አሉ፤ ከዚያ አያቷን ያነሣችው ልጅ "ስለዚህ ካሜራውን ማዘዝ ያለብን እኛ ነን" አለች። እኔ የምጨምርበት አልነበረኝም።

የካቲት

በዚህ ወር የተመለከትነው የፎቶግራፍ አንሺውን የሴይዱ ኬይታን ሥራ ነው። ኬይታ እ.ኤ.አ. በ1948 ማሊ ውስጥ፣ ባማኮ ላይ ስቱዲዮ ከፈተ። ብዙውን ጊዜ ደንበኞቹን ያነሣ የነበረው በግቢው፣ በቀን ብርሃን ነው። ከጀርባቸው የሚዘረጋው ጥለት ያለው ጨርቅ ነው፤ መጀመሪያ የተጠቀመበትም የራሱ የአልጋ ልብስ ነበር። ፊልም ውድ ስለነበር ለአንድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሣው አንድ ፎቶ ብቻ ነው። ባማኮ ከምድር ወገብ በ12 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ሰሜን በአንድ ዲግሪ ብቻ ትርቃለች፤ ፀሐዩ አንድ ነው። ከስቶክሆልም ይልቅ የእኛ አስተማሪ ባማኮ መሆኑን ለልጆቹ በካርታ ላይ አሳየኋቸው።

የግቢ ስቱዲዮ ለመሥራት ቦታ ስንፈልግ በረንዳው ተመረጠ። እንቅፋት ግን ነበረው። ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ አረንጓዴ ዘይት ቀለም ተቀብቷል፤ ብርሃን እዚያ ላይ ነጥሮ ጉንጭንና አገጭን ከሥር አረንጓዴ ያደርጋል። በዓይን አይታወቅም፤ በፎቶ ላይ ግን ሰውየው የታመመ ይመስላል። ዋይት ባላንስ (የፎቶውን አጠቃላይ ቀለም ማስተካከያ) ብቻውን አያድነውም፤ አረንጓዴው ያለው በፊቱ አንድ ወገን ብቻ ነውና። ግድግዳውን ባለ አበባ አንሶላ ዘርግተን ሸፈንነው፤ በወለሉ ላይ ደግሞ ነጭ ብሪስቶል አነጠፍን። ከወለሉ የሚነሣው ብርሃን ከአገጭ ሥር ያለውን ጥላ አለዘበው። 50 ሚሊ ሜትሩ፣ ኤፍ 4፣ ሻተር ስፒድ 1/125 ሰከንድ፣ አይ.ኤስ.ኦ 200። ከዚህ በኋላ ቅንብሩን ማንም አልነካውም፤ ልጆቹ ጊዜያቸውን በሙሉ ለሰውየው ሰጡ። እጁን የት ያድርግ? ወደ ብርሃኑ ምን ያህል ይዙር? ነጠላዋን አጣፍታ ትቀመጥ ወይስ ተከናንባ?

የመጀመሪያዎቹ ተነሺዎች የትምህርት ቤቱ ጥበቃ፣ ሁለት የጽዳት ሠራተኞችና በር ላይ ቆሎ የምትሸጥ እናት ናቸው። ጥበቃው ባርኔጣቸውን ማውለቅ አልፈለጉም። ልጁም ባርኔጣው የሚጥለውን ጥላ እያየ አገጫቸውን ትንሽ ከፍ እንዲያደርጉ ጠየቃቸው፤ ዓይናቸው ወጣ፤ ባርኔጣውም ቀረ።

መጋቢት

የቁጥር ገደብ አበጅተናል። እ.ኤ.አ. በ1975 ኮዳክ ውስጥ መሐንዲሱ ስቲቨን ሳሰን የሠራው የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ አንድን ምስል በካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይወስድበት ነበር፤ በአንድ ካሴት ላይም 30 ምስል ይይዛል። እኛም በአንድ ቅዳሜ ለአንድ ተማሪ 30 ምስል ብለናል፤ መሰረዝ አይቻልም። የተበላሸው ምስል ከጥሩው ጎን ካልተቀመጠ ተማሪው በሁለቱ መካከል ምን እንደለወጠ አያየውም።

ታንኳ ከሚሠሩ አንድ አባት ጋር የሆነው ግን ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። ሁለት ተማሪዎች የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ አባል የሆኑ አንድ ሽማግሌ በጣና ዳር ደንገል እያሰሩ ታንኳ ሲሠሩ አይተው "አባባ፣ ፎቶ እናንሣዎት?" ብለው ጠየቁ። ሰውየው እጃቸውን ከሥራው ሳያነሡ መለሱ፦ "ሲያነሡኝ ኖረዋል፤ አንድም መልሶ ያመጣልኝ የለም።" ልጆቹ ካሜራውን ቦርሳው ውስጥ መልሰው አብረዋቸው ተቀመጡ። ደንገሉ እንዴት እንደሚታጨድ፣ ምን ያህል እንደሚደርቅ፣ ታንኳው ውኃ ሲጠጣ እየከበደ ስለሚሄድ ለምን ወደ ፀሐይ እንደሚወጣ ሰሙ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሲመለሱ ሽማግሌው ራሳቸው "ከየት በኩል ብቀመጥ ይሻላል?" አሏቸው። ልጆቹም ጥላቸውን አይተው ከአንድ ዋርካ ሥር፣ ወደ ሐይቁ ክፍት በሆነው ወገን አስቀመጧቸው። ከፎቶዎቹ አንዱ እጃቸው ብቻ ነው፤ ጣቶቻቸው በገመዱ ዙሪያ ታጥፈው፣ የደንገሉ አረንጓዴ ቅርፊት ከጥፍራቸው ሥር ገብቶ ይታያል። ሁለቱ ፎቶዎች ታትመው ተሰጥተዋቸዋል። ከዚህ በኋላ ክበቡ አዲስ ደንብ አወጣ፦ የሚታተም ፎቶ ሁሉ ሁለት ቅጂ ይኖረዋል፤ የመጀመሪያው የተነሺው ነው።

በዚሁ ወር ስለ ማስዋቢያ ማጣሪያ ክርክር ተነሥቷል። የአንዳንዶቹ ስልክ ሳይታዘዝ ፊትን ያነጣል፣ ቆዳን ያለሰልሳል፣ አገጭን ያቀጥናል። አንዲት ልጅ "እኔ እንዲህ ሆኜ መታየት እፈልጋለሁ፤ ምርጫዬ ነው" አለች። አቋሟን አከብራለሁ፤ የራሷ ፊት ነው። ለሌላ ሰው ፊት ግን ያ መብት የለንም፤ በዚህ አልደራደርም። ለክበቡ ሥራ ማጣሪያው ከቅንብሩ ውስጥ ይጠፋል።

ሚያዝያ፣ ሁለተኛው ሳምንት

እንጨቱ እንደገና ተተከለ። በዚህ ሳምንት ፀሐይ በባሕር ዳር ልክ አናት ላይ ታልፋለች። ወደ ስድስት ሰዓት ተኩል ሲጠጋ ጥላው ወደ እንጨቱ ሥር እየተሰበሰበ መጥቶ ጠፋ። በዚያ ሰዓት የተነሣው ፊት ላይ ዓይን የለም፤ ሁለት ጥቁር ጉድጓድ ብቻ ነው። ጥላ ከእንጨቱ የሚያጥርበት ጊዜ አሁን ከጠዋቱ ሦስት ተኩል እስከ ዘጠኝ ተኩል ሆኗል፤ በታኅሣሥ አራት ሰዓት ገደማ የነበረው ስድስት ሰዓት ሆነ ማለት ነው። ልጆቹ ሁለቱን ሰንጠረዦች ጎን ለጎን ለጥፈዋቸዋል።

ለዕይታ ያህል የኢትዮጵያዊቷን ፎቶግራፍ አንሺ የአይዳ ሙሉነህን ሥራዎችም ተመለከትን። እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን የፎቶግራፍ ፌስቲቫል የመሠረተች ናት። እሷ ዳሎል ላይ የሠራቻቸውን ፎቶዎች ስናይ ተማሪዎቹ የጠየቁት ስለ ቀዩና ስለ ሰማያዊው ልብስ አልነበረም፤ "ጥላው ስንት ሰዓት ነው?" ብለው ነበር።

ግንቦት

ማረሚያው ዳርክቴብል በተባለ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው፤ ነፃ ስለሆነ። የተፈቀደው መቁረጥ፣ ብርሃን ማስተካከልና ዋይት ባላንስ ነው።

ማተሙ ትግል ነበር። በስክሪን ላይ ልክ የነበረው ፊት በወረቀት ላይ ጠቆረ፤ ስክሪን ከራሱ ያበራል፣ ወረቀት ግን የሚመልሰው የሚያርፍበትን ብቻ ነው። የስክሪኑን ድምቀት ዝቅ አድርገን፣ ከአንድ ፎቶ ሦስት የተለያየ ብርሃን ያላቸው ትናንሽ ሙከራዎችን አሳትመን ልጆቹ በቀን ብርሃን አወዳደሯቸው። አንድ ፎቶ ቤት ፎቶዎቹን በማሽኑ ራሱ አስተካክሎ ፊቶቹን በሙሉ አንጥቶ አወጣቸው። አያቷን ያነሣችው ልጅ ራሷ ሄዳ ባለሙያውን "እባክዎ ማስተካከያውን ያጥፉልን፤ ይህን መልክ የመረጥነው አስበን ነው" ብላ አስረዳች። ባለሙያው አጥፍቶ እንደገና አተመ። ልኩ 13 በ18 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ኬይታ ይጠቀምበት የነበረው ልክ በመሆኑ ልጆቹ አጥብቀው ፈለጉት።

ዐውደ ርእዩ ለወላጆች ቀን በበረንዳው ላይ ተከፍቷል። ጥበቃው ባርኔጣቸውን እንዳደረጉ ከፎቷቸው አጠገብ ቆመው ለሚያልፈው ሁሉ ልጁ አገጫቸውን ለምን ከፍ እንዳስደረጋቸው ሲያስረዱ ውለዋል። ከጎናቸው ያለውን የተማሪውን ማብራሪያ ማንም አልጠየቀም።

ለክረምቱ የተሰጠ ሥራ አለ። ፀሐይ በነሐሴ አጋማሽ እንደገና በአናታችን ላይ ታልፋለች፤ በዚያን ጊዜ ግን ደመና ይኖራል። ደመና ሲሸፍን ፊት ላይ የሚሆነውን ለመመዝገብ አራት ተማሪዎች እንጨቱንና ካሜራውን ተረክበዋል። ሮው ፋይሎቹ በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ በየወሩ ስም ተቀምጠዋል፤ የነሐሴው አቃፊም ተከፍቶ እየጠበቃቸው ነው።